ቆፋሪው ወይስ ባለ መስመሩ? ሁለቱን ሲ ሮቢኖች ለይቶ የመምረጫ መመሪያ

ከማሳቹሴትስ እስከ ቨርጂኒያ ባለው የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሞቃቶቹ ወራት መንጠቆ የጣለ ሰው ሁሉ ይህን ዓሣ ያውቀዋል። ያውቀዋል እንጂ ፈልጎት አይደለም። ልቡ ያለው ፍሉክ በሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ነው። ክሩን ሲጠቀልል ግን ጭንቅላቱ በአጥንት የተለበጠ፣ የደረት ክንፎቹን ግራና ቀኝ የሚዘረጋ፣ ከደረቱ ሥር ስድስት ቀጫጭን እግሮች የሚያንቀሳቅስ፣ በዚያ ላይ የሚያጉረመርም ፍጡር ብቅ ይላል። አብዛኛው ሰው ፊቱን አኮሳትሮ መልሶ ይወረውረዋል።

ስሙ ሲ ሮቢን ነው። በዚያ ጠረፍ በብዛት የሚያዙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦ ሰሜናዊው ሲ ሮቢን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሪዮኖተስ ካሮላይነስ፣ እና ባለ መስመሩ ሲ ሮቢን፣ ፕሪዮኖተስ ኢቮላንስ። የባሕር ዳር ሰዎች ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተው ያልፋሉ። አጥማጁም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ማየት የሚወደውም ሰው ግን ለይቶ ማወቁ ይጠቅመዋል። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ ለድስት ባለ መስመሩን፣ ለመመልከት ሰሜናዊውን ምረጡ። ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ። ከአውሮፓ ገበያ ለምትገዙ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቃል አለኝ።

በመልክ መለየት

በቅድሚያ የሚያሳስተውን ምልክት እናስወግድ። በፊተኛው የጀርባ ክንፍ ላይ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሾህ አካባቢ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ይኸኛው ሰሜናዊው ነው» ብሎ ይደመድማል። ነጠብጣቡ ግን በሁለቱም ላይ ይገኛል። የጀርባው ቀለምም አያስተማምንም፤ ሁለቱም ከግራጫ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ድረስ ይለዋወጣሉ።

የሚታመነው ምልክት ጎኑ ላይ ነው። ባለ መስመሩ በሁለቱም ጎኖቹ ሁለት ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። የላይኛው ከጭንቅላቱ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ጅራቱ ይዘልቃል፤ የታችኛው ከሥሩ ተጀምሮ አጠር ብሎ ይቀራል። ሰሜናዊው እንዲህ ያለ መስመር የለውም። በእሱ ጀርባ ላይ የሚታዩት ከላይ ወደ ጎን የሚወርዱ፣ ጠርዛቸው የደበዘዘ ጠቆር ያሉ ምልክቶች ናቸው።

መስመሩ ደብዝዞ ከተጠራጠራችሁ የደረት ክንፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ከአካሉ ጋር ለኩት። የባለ መስመሩ ክንፍ ረጅም ነው፤ የሁለተኛውን የጀርባ ክንፍ ወገብ አልፎ ይሄዳል፤ ዘርጋችሁ ብርሃን ላይ ብትይዙትም በላዩ የተሰመሩ ብዙ ቀጫጭን ጠቆር ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የሰሜናዊው ክንፍ አጠር ይላል። ከዚያ ዓሣውን ገልብጡና ከአገጩ ሥር፣ የስንጥቡ ክዳን ከሚከፈትበት ቦታ ያለውን ስስ ቆዳ እዩ። ይህ ቆዳ በሰሜናዊው ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ በባለ መስመሩ ላይ ግን ነጣ ያለ ነው። የሰሜናዊው ጅራት ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል፤ የባለ መስመሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል።

በመጠንም ይለያያሉ። ሰሜናዊው ቢያድግ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በመንጠቆ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አይበልጥም። ባለ መስመሩ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አፉም ትልቅ ነው። ትንሽ ትመስላለች ይህች ልዩነት፤ ቢላዋ ሲያዝ ግን ትርጉም አላት።

በሰሜን በኩል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት በኒው ኢንግላንድ የምታጠምዱ ከሆነ ስከልፒን የተባለ ሌላ እሾሃም ዓሣ ሊያደናግራችሁ ይችላል። እሱም ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፤ እሱም ያጉረመርማል። ከደረት ክንፉ ፊት ተለይተው የሚንቀሳቀሱ እግሮች ከሌሉት ሲ ሮቢን አይደለም፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

እግሮቹ፣ የልዩነቱ ዋና ነገር

እግር ያልናቸው በእርግጥ የክንፍ ዘንጎች ናቸው። ዓሣው ገና ትንሽ ሳለ በሁለቱም በኩል የደረት ክንፉ ታችኛ ሦስት ዘንጎች ከቀሪው ክንፍ ይለያሉ፤ የሚያያይዛቸው ስስ ቆዳ ይቀርና እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጡንቻ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ሦስት በቀኝ፣ ሦስት በግራ። ዓሣው የባሕሩን ወለል በእነሱ እየረገጠ ይሄዳል፤ ሲሄድም ትልልቆቹን ክንፎች አጥፎ ወደ ኋላ ያስጠጋል፤ አንድ ነገር ሲያስደነግጠው ወይም ሊዋኝ ሲነሣ ይዘረጋቸዋል። ሥራው መራመድ ብቻ አይደለም። ከእግሮቹ የሚነሡት ነርቮች ወደ ሕብለ ሰረሰሩ የሚገቡበት ቦታ ተራ አይደለም፤ እዚያ ለእግሮቹ ስሜት ብቻ የተለዩ፣ ከላይ ያበጡ ክፍሎች ይገኛሉ። ይህን ያህል የነርቭ ሀብት ለመራመድ ብቻ አይፈስም።

ዓሣ ከአፉ ውጭ ባለ አካሉ ምግቡን ማጣጣሙ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሐይቆቻችን አምባዛ በጢሙ የደፈረሰ ውኃ ውስጥ ምግቡን እየቀመሰ ይፈልጋል። ሲ ሮቢን በእግሩ ተመሳሳይ ነገር እንደሚሠራ ተመራማሪዎች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት አስተውለዋል። የሚያስገርመው፣ ከእግሩ ወደ አእምሮ የሚሄደው መልእክት እንደ ምላስ ጣዕም በጭንቅላት ነርቮች ሳይሆን በሕብለ ሰረሰር ነርቮች በኩል መተላለፉ ነው።

ሁለቱን ዓይነቶች ቁልጭ አድርጎ የለየው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመው ሥራ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኒኮላስ ቤሎኖ ላቦራቶሪና ባልደረባው ኮሪ አላርድ፣ ከስታንፎርዱ ዴቪድ ኪንግስሊ ጋር ሆነው የሠሩት ነው። ተመራማሪዎቹ ከዓሣው ጋር የተገናኙት ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ውድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሕይወት ላቦራቶሪ ነበር። አሸዋ በተነጠፈበት ገንዳ ውስጥ ምግብ ቀበሩ፤ ዓሣዎቹ እየተራመዱ መጥተው በእግራቸው ቧጥጠው አወጡት። ከአሸዋው በላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ሙስል የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሙሉውን ትተው ፈጭተው ያጣሩትን ጭማቂውን ሲቀብሩም ዓሣዎቹ አላጡትም። ነጠላ የአሚኖ አሲድ ሽታንም ተከትለው ቆፈሩ።

ከዚያ ዓሣ አለቀባቸውና ሌላ አስመጡ። አዲሶቹ ዓሣዎች ግን አልቆፍርም አሉ። ምግቡ ከአፍንጫቸው ሥር ተቀብሮ እያለ ዝም ብለው በላዩ ያልፉ ነበር። ነገሩ ሲጣራ የመጡት ሌላ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰሜናዊዎቹ ካሮላይነስ ነበሩ፣ ሁለተኛዎቹ ባለ መስመሮቹ ኢቮላንስ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ እንቅፋት አልቆጠሩትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጀመሩ።

የታየውን ልዩነት እናንተም ቤት ውስጥ በማጉያ መስታወት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሰሜናዊው እግር ጫፉ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ነው፣ አካፋ ሊባል ይችላል፤ ላዩ ደግሞ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሸፈነ ነው። በእነዚህ ጉብታዎች ላይ የጣዕም ተቀባዮች አሉ፤ መነካትን የሚሰሙ ነርቮችም በብዛት ይደርሱባቸዋል። የባለ መስመሩ እግር ግን ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጉብታ የለውም። እየተራመደበት ወለሉን ይዳስስበታል እንጂ የተቀበረውን አይቀምስበትም። ቲቢኤክስ3ኤ የተባለ ዘረ መል እግሮቹ እንዲወጡ፣ ጉብታዎቹ እንዲበቅሉና ዓሣው እንዲቆፍር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያሳየውም ይኸው ምርምር ነው። መቆፈሩ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በቅርብ ጊዜ የመጣ ባሕርይ ሲሆን፣ እግሩ ከዚያ አስቀድሞ ለመራመድ የወጣ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ስኖርክል ይዛችሁ አሸዋማ ወለል ላይ ዓሣ ለማየት የምትገቡ ከሆነ የምትፈልጉት ሰሜናዊውን ነው። ብዙ ርቀት አይሄድም። ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ከፊት ያሉትን እግሮች እያፈራረቀ ይቧጥጣል፣ ከዚያ ድንገት ጭንቅላቱን አሸዋው ውስጥ ይደፍቃል። ቀና ሲል በስንጥቡ በኩል አሸዋው እየፈሰሰ ይወጣል። ሌሎች ዓሣዎች ከኋላው ተሰልፈው ቆፍሮ የሚያወጣውን ትርፍራፊ ሲቃርሙም ይታያል። ሳይቆፍሩ ለሚበሉት ሁሉ እሱ ገበሬ ነው። ባለ መስመሩ ውብ ክንፍ አለው፣ ሲዘረጋው ዓይን ይማርካል፤ ሥራ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ግን እሱን ብዙ አትጠብቁት።

በቤት የዓሣ ገንዳ ልታሳድጉት ላሰባችሁ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉት። ሁለቱም ጨዋማና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ፣ ሰፊ የአሸዋ ወለል ይፈልጋሉ፤ አፋቸው የሚችለውን ማንኛውንም ጎረቤት ይውጣሉ።

ምን ይበላሉ፣ በምን ይያዛሉ?

ሁለቱም ወለል ላይ የሚኖር ሥጋ በል ናቸው። ሽሪምፕ፣ ትንንሽ ሸርጣን፣ ትላትል፣ ስኩዊድ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ያገኙትን ያነሣሉ። ሰሜናዊው አሸዋ ውስጥ ከተሸሸጉት ላይ ይበረታል። ባለ መስመሩ ከወለሉ በላይ የሚንቀሳቀሰውንም ያሳድዳል፤ አፉ ትልቅ ስለሆነ ዓሣ ይውጣል። በኒው ጀርሲ የወንዝ መግቢያዎች በተደረገ ጥናት ዊንተር ፍላውንደር የተባለውን ሌላ ጠፍጣፋ ዓሣ የዓመቱን አዲስ ጫጩቶች የሚበላ አዳኝ ሆኖ ተገኝቷል። «ሲ ሮቢን ፍላውንደራችንን ጨረሰብን» የሚል አጥማጅ ብትሰሙ ሙሉ በሙሉ ቅዠት አይደለም፤ የዊንተር ፍላውንደርን መመናመን ሁሉ በእሱ ላይ መለደፍ ግን ግፍ ነው።

ለማጥመድ ሁለቱም አሸዋማ ወለል ላይ፣ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ከታች እየነካ፣ በቁራጭ ስኩዊድ ይያዛሉ። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ ሰሜናዊውን የምትሹ ከሆነ ትንሽ መንጠቆ ተጠቀሙና ማባበያውን ወለሉ ላይ አሳርፉት፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ያገኘዋል። ባለ መስመሩን ከሆነ ማባበያውን አንቀሳቅሱት። እርሳስ ራስ ያለው፣ ጭራው ፀጉር የሆነ ማጥመጃ ከወለሉ ብድግ እያደረጋችሁ ብትስቡ አንዳንድ ጊዜ ፍሉክ ሊመታው ከመድረሱ በፊት እሱ ይመታዋል። ትልቅ ባለ መስመር ክሩን ሲጎትት የሚወጣው ፍሉክ ነው ብላችሁ ብታስቡ አይፈረድባችሁም።

ሁለቱም ቀዝቃዛዎቹን ወራት በጥልቁ የባሕር ወለል፣ ከአህጉሩ መደብ ዳርቻ አጠገብ ያሳልፋሉ። ውኃው ሲሞቅ፣ ከግንቦት ጀምሮ፣ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ፤ ጥቅምት አልፎ ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ። የሚራቡት በዚሁ በሞቃቱ ጊዜ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ወቅታቸው ነው። የሰሜናዊው እንቁላል ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በ60 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። በወለሉ የሚኖር ዓሣ ልጆቹን ላይኛው ውኃ ላይ ያሳድጋል ማለት ነው።

ስለ ማጉረምረሙ

ድምፁ የሚወጣው ከአፉ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በሁለቱም በኩል እጅግ ፈጣን የሆኑ ጡንቻዎች አሉት፤ እነሱ ሲንቀጠቀጡ ከረጢቱ ከበሮ ይሆናል። በእጃችሁ ስትይዙት መዳፋችሁ ላይ ይሰማችኋል፤ ጆሯችሁ ከሚሰማው በላይ ጣታችሁ ያውቀዋል። በመራቢያው ወራት ደግሞ ማንም ሳይነካው ውኃ ውስጥ ይጮኻል። ለመምረጥ ግን ድምፅ አይጠቅምም። ሁለቱም ያጉረመርማሉ።

የትኛውን ማስቀረት?

አስቀድሞ ሕጉ። የባሕር ዓሣ ፈቃድ ወይም ምዝገባ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ይከፈልበታል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ምዝገባው በነፃ ነው። ሲ ሮቢንን በተመለከተ ያለውን የመጠንና የቁጥር ገደብ በግዛታችሁ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ ውጡ፤ ሊለዋወጥ ይችላል። በትልልቅ ወደቦችና በወንዝ መግቢያዎች የሚጠመድ ዓሣ ላይ የየግዛቱ የጤና ቢሮዎች የሚያወጡት የአመጋገብ ምክርም አለ፤ በተለይ ልጅ ለሚያሳድጉና ነፍሰ ጡር ለሆኑ ይህን ማንበብ ግዴታ ነው እላለሁ።

ከዚያ መጠን። የሲ ሮቢን ጭንቅላት ከአካሉ ብዙውን ቦታ ይወስዳል፤ የሚበላው ሥጋ ከደረት ክንፉ ጀርባ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ያለው ነው። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ያለው ሰሜናዊ ሲጸዳ የሚተርፈው ጣት የሚያህል ነው፤ ለእሱ ሲባል ዓሣ መግደል ያሳፍራል። 40 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ባለ መስመር ግን አንድ ሰው በደንብ ያጠግባል። ለማስቀረት የምመርጠው እንግዲህ ይህ ነው፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን የትኛውንም ዓይነት መልሱት።

ሲመለስም ሆነ ሲቀር አያያዙን እወቁ። በጉንጩ፣ በስንጥቡ ክዳንና ከጭንቅላቱ ጀርባ ሹል እሾሆች አሉት፤ የፊተኛው የጀርባ ክንፍ ዐሥር እሾህ ይዟል። ከላይ በኩል በባዶ እጅ መጨበጥ ማለት መወጋት ነው። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ከሆዱ በኩል ደግፉት፤ መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ። የምታስቀሩትን ወዲያው ደሙን አፍስሱና በረዶ ውስጥ ክተቱ። ፀሐይ ላይ ባልዲ ውስጥ የዋለ ሲ ሮቢን ቆዳው ይደርቃል፣ ሥጋው ይልማል፤ ከዚያ በኋላ «ይህ ዓሣ አይጣፍጥም» ማለት በራስ ጥፋት ዓሣውን መክሰስ ነው።

ማጽዳት

ብዙ ሰው ዓሣውን የሚተወው ማጽዳቱን ስለሚፈራ ነው። እንደ ቆሮሶ ቅርፊቱን በመፋቅ ከጀመራችሁ ሥራው አያልቅም። ቅርፊቱን ተዉት። ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ በጀርባው በኩል፣ እስከ አከርካሪው ድረስ ቁረጡ፤ አከርካሪውንም በጥሱት፤ የሆዱን ቆዳ ግን አትቁረጡ። ከዚያ ከጀርባ ክንፉ ሥር ቢላዋውን በአግድም እስከ ጅራቱ ድረስ አሻግራችሁ ክንፉን ከነእሾሁ አንሡ። አሁን አንዱ እጃችሁ ጭንቅላቱን ይያዝ፣ ሌላው የተጋለጠውን የሥጋ ጫፍ። ጭንቅላቱን ወደ ሆዱ አጥፋችሁ ወደ ጅራቱ ሳቡት። ቆዳው ከነሆድ ዕቃው እንደ እርጥብ ካልሲ ተገልብጦ ይወጣል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ነጭ፣ ክብ፣ ጠንካራ የጅራት ሥጋ ነው። መካከሉ ላይ አንድ አከርካሪ አለ፤ ግራና ቀኝ ካለው ጥቂት የጎን አጥንት በቀር ሌላ እሾህ አያስቸግርም። ለልጆች የሚሰጥ ከሆነ በአከርካሪው ጎንና ጎን ቢላዋ ሂዱበት፣ ሁለት ንጹሕ ቁራጭ ታገኛላችሁ።

ለምን ዓይነት ምግብ የትኛው?

የሁለቱ ጣዕም ብዙ አይለያይም። ሥጋው ነጭ፣ ስብ የሌለው፣ ጠንከር ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነው። የሚወስነው መጠኑ ነው።

ትልቁ ባለ መስመር ለዓሣ ጉላሽ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንሁም። ቆሮሶ ጉላሽ ውስጥ ቶሎ ይፈራርሳል፤ ይህ ግን ቅርፁን ይይዛል። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ማቁላላት ነው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና በርበሬው በዘይት በደንብ በስሎ ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ድረስ ዓሣው አይጠጋ። በሦስት በሦስት ሴንቲ ሜትር የተቆረጠው ሥጋ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ክዳን ተደርጎ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል። ስብ ስለሌለው ከዚያ በላይ ቢቆይ ይደርቃል፤ ማማሰያም አታብዙበት። ቃሪያው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይጨመር።

ለጥብስ ከነአከርካሪው ያለው የጅራት ሥጋ ዱቄት ተነስንሶበት በሙቅ ዘይት ይጠበስ፤ ሲወጣ ሎሚና ሚጥሚጣ። እዚህ ላይ መካከለኛ መጠን ያለው ሰሜናዊም ያገለግላል፣ ቀጠን ያለ ስለሆነ ውስጡ ቶሎ ይበስላል።

ትንንሽ ቁርጥራጭ ከተረፋችሁ የዓሣ ዱለት ማድረግ ይቻላል፤ ሥጋው ሲከተፍ አይላቆጥም። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የባሕር ዓሣ ጥገኛ ትላትል ሊይዝ ስለሚችል ለብለብ ተደርጎ ጥሬው የቀረ ዱለት አይመከርም። ሙሉ በሙሉ ይብሰል።

ጭንቅላቱን አትጣሉ። ስንጥቡን አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ለግማሽ ሰዓት ቀቅሉት፤ አጣርታችሁ ለሾርባ ወይም ለዚያው ጉላሽ መረቅ ተጠቀሙበት። በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለቤተሰቡ ሽማግሌዎች እተዋለሁ፤ በእሱ መካከል የሚገባ ሰው ራት ሳይበላ ያድራል።

ለማባበያ ማዋል

በሎንግ አይላንድና በኒው ጀርሲ ትልቅ ስትራይፕድ ባስ የሚያሳድዱ አጥማጆች ሲ ሮቢንን ሕያው ማባበያ ያደርጉታል። እዚህ ላይ ምርጫው ይገለበጣል፦ ትንሹ ሰሜናዊ ይሻላል። የደረት ክንፎቹ ጫፍና የጀርባ እሾሆቹ በመቀስ ይቆረጣሉ፤ ክንፉን ዘርግቶ ውኃውን መግፋት ስለማይችል ወደ ታች ይሄዳል። ባስ እሾሁን አይፈራም፣ ሙሉውን ይውጣል። እኔ በበኩሌ ይህን ብዙ አልወደውም፤ ይህን የመሰለ ቆፋሪ ለመንጠቆ ማስጌጫ ማድረግ ያሳዝነኛል። የሚያደርጉትን ግን አልወቅስም፣ ይይዙበታል። ከዚህ ውጭ ትልልቅ የመረብ ጀልባዎች ሲ ሮቢንን ለረጅም ዘመን ይጥሉት ወይም ለሎብስተር ማጥመጃ ይሸጡት ነበር፤ ገበያው ዋጋ የሰጠው ዓሣ አይደለም።

በአውሮፓ ለምትገዙ

በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን የምትኖሩ መንጠቆ መጣል አይጠበቅባችሁም፤ የዚህ ዓሣ ዘመዶች ገበያ ላይ ናቸው። በእንግሊዝ ገርናርድ፣ በፈረንሳይ ግሮንዳን፣ በጣሊያን ጋሊኔላ ይባላሉ። እነዚህም ስድስት እግር አላቸው፣ እነዚህም ያጉረመርማሉ። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

ትልቁ በእንግሊዝ ተብ ገርናርድ ይባላል። እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የደረት ክንፉ ደማቅ ሰማያዊ ጠርዝና ነጠብጣብ አለው፣ በጎኑ ያለው መስመርም ሲነካ ለስላሳ ነው። እንግዳ ጠርታችሁ አንድ ዓሣ ሙሉውን በምድጃ መጋገር ብታስቡ ይህን ግዙ፤ ዋጋውም ከሦስቱ ከፍ ይላል። ቀዩ ገርናርድ ያንሳል፣ በጎኑ መስመር ላይ ያሉት ቅርፊቶች ሰፋፊ ሰሌዳ ናቸው፤ ለሾርባና ለወጥ ጥሩ ነው፣ ማርሴይ ውስጥ ቡያቤስ በተባለው የዓሣ ሾርባ ድስት ከሚገቡት ዓሣዎች አንዱም ግሮንዳን ነው። ግራጫው ርካሹ ነው፤ በጎኑ ያለው መስመር በጣት ሲዳሰስ እሾሃም ነው፣ ሥጋው ትንሽ ነው፣ ለጥብስ ብቻ ይሆናል።

ከሦስቱ አንዱን ለሳምንት ምግብ ምረጥ ብትሉኝ ቀዩን እወስዳለሁ። ዓሣ ሻጩ በቁራጭ አዘጋጅቶ ያቀረበውን አትግዙ፤ ሙሉውን፣ ዓይኑ የጠራና ስንጥቡ የቀላ፣ ምረጡና ፊታችሁ ላይ እንዲያጸዳላችሁ ጠይቁ። ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊትም ጭንቅላቱን አብሮ እንዲጠቀልልላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ይሄዳል።